የሰባት ቤት አገው ፈረስና ጦር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ በኩል የሚጓዝ ሰው ቀድሞ ኮሶ በር ትባል ከነበረችው ከእንጅባራ ሲደርስ የደጋው ብርድ ይቀበለዋል። ቀርከሃው፥ ለምለሙ መስክና የዘንገና ሐይቅ ዓይንን ደስ ያሰኛሉ። ነገር ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንጽፍ ያሰብነው ስለ አገሩ መልክ ሳይሆን ጥር 23 ቀን በዚያ መስክ ላይ ስለሚታየው ፈረስና ጦር ነው።

የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ። ምክንያቱም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ለአገራቸው የተዋደቁትን ጀግኖችና እነርሱን የተሸከሙትን ፈረሶች ለማሰብ ነው። ለሰው መታሰቢያ ማድረግ በየአገሩ የተለመደ ነው፤ ለፈረስ ውለታ ቀን መቍረጥ ግን የአገው ሰው ጨዋነት ነው።

የአገራችን ጦር ቅጠል የመሰለ ስለት አለው፤ ሶማያውም ቀጥ ያለ እንጨት ነው። ቀላል ስለ ሆነ ይወረወራል፤ ቀርበውም ይወጉበታል። የቀድሞው ፈረሰኛ አውራ ጣቱን ብቻ በእርካቡ ቀለበት አግብቶ፥ በግራው ልጓምና ጋሻ፥ በቀኙ ጦር ይዞ ይጋልብ ነበር። እንዲህ ያለው ፈረሰኛ የቆመውን ሰልፍ ከመስበር ይልቅ የተፈታውን ማሳደድ ይቀናዋል። በአድዋም የጠላት ሰልፍ ከተፈታ በኋላ ብዙ ሥራ የሠራው ስለዚህ ነው።

በጀርመንና በስዊስ አገር ግን በ14ኛውና በ15ኛው ምዕት ዓመት የጦሩ ነገር ሌላ መንገድ ያዘ። በዚያ ፈረሰኛው የብረት ልብስ የለበሰ ባላባት፥ እግረኛው ግን ገበሬና የከተማ ሰው ነበር። እግረኛውም ከቁመቱ በሚበልጥ እንጨት ላይ መጥረቢያ፥ ሹል ብረትና መንጠቆ በአንድነት ሰክቶ ሃልበርድ የተባለውን መሣሪያ አበጀ፤ በሹሉ ፈረሱን ይከላከላል፥ በመንጠቆው ባላባቱን ከኮርቻው ይጎትታል፥ በመጥረቢያው የራስ ቍሩን ይፈልጣል። በ1386 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያው መስፍን ሌዎፖልድ በዜምፓኽ ጦርነት በስዊስ ሰዎች እጅ ወደቀ። ኋላም ላንድስክኔኽት የተባሉት የጀርመን ወታደሮች 5 ሜትር ያህል የሚረዝም ጦር ይዘው ጐን ለጐን እንደ አጥር ይሰለፉ ጀመር። ይህን የሚያህል ጦር ለብቸኛ ሰው አይረባም፤ ጓደኛው ከሸሸ እርሱም ይጠፋል።

ጠብመንጃ ሁለቱንም ሻረ። ሃልበርዱ ዛሬ በቤተ መዘክር ተሰቅሎ ይታያል፤ የሮማውን ጳጳስ የሚጠብቁ የስዊስ ዘበኞችም ለክብር ይይዙታል። በአገው ግን የጦሩ ጥበብ በጉግስ ውስጥ ይኖራል። አንዱ ወገን ይሸሻል፥ ሌላው ያሳድዳል፤ አሳዳጁ ስለት የሌለው ዘንግ ይወረውራል፥ ሸሺውም ዞር ብሎ በጋሻው ይመክታል። ከዚያም ተራው ይለወጣል።

ዘንጉ ስለት ባይኖረውም ዓይን ያጠፋል፤ ፈረስም ይወድቃል። ስለዚህ እናት ልጇ ኮርቻ ሲጭን ብትሰጋ አትወቀስም። እኛም በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ በቍጣ የተነሣ በትር ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ አይተናል። በጉግስ ግን አሁን ያሳደደው ጥቂት ቈይቶ ይሸሻልና የተመታው ቂም አይዝም። ቍጣውን መግታት የማይችል ሰው ፈረሱንም መግታት አይችልም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጁን ከፈረስ ከማራቅ ይልቅ አስቀድሞ በጋሻ መመከትን፥ ኋላም ዘንግ መወርወርን አስተምሩት፤ ከሁሉም በፊት ግን ፈረሱን ማብላትና ማጠጣት ይልመድ።