የመስከረም መንገድ በእብናት

ክረምቱ አለፈ። ዝናቡ ቀነሰ። መንገዱም ደረቅ ደረቅ አለ። አንድ ቀን ጠዋት ከተማሪዎቻችን ጋር ከእብናት ወጥተን በእግር ተጓዝን። የወጣነው ስለ አበባና ስለ ደን ለመማር ነው።

መጀመሪያ ያየነው አደይ አበባን ነው። ዳገቱም የእርሻው ዳርም ቢጫ ሆኗል። አደይ ክረምቱ ሲወጣ ያብባል፤ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። በሜዳው ላይ ደግሞ ማገጥ አብቧል። በአበቦቹ መካከል ቢራቢሮዎች ይበራሉ።

«ቢራቢሮ ከየት ትመጣለች?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዲት እናት «ከአበባው ትወለዳለች ሲሉ እሰማለሁ» አሉ።

በአንድ አጥር አጠገብ የሎሚ ዛፍ ነበር። ቅጠሉን ጠጋ ብለን አየን። የወፍ ኩስ የሚመስል ትንሽ ትል ተለጥፎበታል። ጥቁርና ቢጫ መልክ ያላት ቢራቢሮ በሎሚ ቅጠል ላይ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ ትል ይፈለፈላል። ትሉ ቅጠል እየበላ ያድጋል። ከዚያ ልባስ ለብሶ ሳይንቀሳቀስ ይሰነብታል። በመጨረሻ ልባሱ ይቀደድና ቢራቢሮ ትወጣለች። ተምችም የሚፈለፈለው ሌሊት ከምትበር የእሳት እራት እንቁላል ነው። እንግዲህ ትል ሁሉ ጠላት አይደለም፤ በራሪ ሁሉም ወዳጅ አይደለም። ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ወጣን። ጥዱና ወይራው ጥላ ሆነን። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ የደን ሊቅ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው ነበር። በእነዚህ ደኖች 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አገኙ። በአንዳንድ ቦታ ሕዝቡ ከእርሻው ድንጋይ ለቅሞ በደኑ ዙሪያ ካብ ሠርቷል። ከብት ካልገባ ችግኙ ያድጋል። ንብና ቢራቢሮም መጠለያ ያገኛሉ።

ስንመለስ በኑግ ማሳ አጠገብ አለፍን። ንቦቹ ሲጮሁ ይሰማል። አንድ ሽማግሌ ተማሪያችን ቆም አሉ።

«ልጄ፣ አምና ሁለት ቀፎ ንብ አለቀብኝ» አሉ። «የጎረቤቴ ባቄላ ላይ ክሽክሽ ወረደበት። ባቄላው አብቦ ሳለ በጠራራ ፀሐይ መድኃኒት ረጨ። ማታ ንቦቼን ከቀፎው ደጅ ረግፈው አገኘኋቸው። ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አልቻለም። ያን ጊዜ እኔም ብሆን አልችልም ነበር።»

ሁላችንም ዝም አልን።

የንብ ማለቅ ጉዳቱ በማር ብቻ አይቆምም። ኑግ ጥሩ ፍሬ የሚይዘው ከሌላ ኑግ የአበባ ዱቄት ሲደርሰው ነው። ያን ዱቄት የሚያመላልሱት ንቦችና ሌሎች በራሪዎች ናቸው። ንብ ካለቀ የኑግ ምርት ይቀንሳል፤ ዘይቱም ይቀንሳል።

ስለዚህ ሰብል ሲያብብ መድኃኒት አትርጩ። የግድ ከሆነም ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ፣ ማታ ይረጭ። ንብ ላለው ጎረቤት አስቀድሞ ይነገረው። በጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ።

ያን ዕለት ማታ ሽማግሌው ጠመኔ ያዙ። ቀስ እያሉ በሰሌዳው ላይ «መጀመሪያ አንብብ፤ ኋላ ርጭ» ብለው ጻፉ። አንድም ፊደል አልሳቱም።

ጥያቄ፦
1. ቢራቢሮ ከየት ትመጣለች?
2. ኑግ ንብ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
3. በእናንተ ቀበሌ መድኃኒት የሚረጨው በስንት ሰዓት ነው?