ከመራዊ እስከ ፍኖተ ሰላም፦ የላይኛው ቁጥር

ጥቅምት 2012 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ቀን። ከባሕር ዳር መናኸሪያ የመራዊን ሚኒባስ ስይዝ ረዳቱ 20 ብር ተቀበለኝ። ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ወረወረው፤ አንዲት ትንሽ ካርቶን ግን ከእጄ አልለቀቅኩም። ውስጧ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ፣ እንደ ልብስ መቆንጠጫ አፏን ከፍታ ጣት የምትነክስ ኦክሲሜትር አለች። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ ናት አምጣልኝ ያለችኝ። "መንገድ ላይ ብትሞክራት አልቆጣም፣ ብቻ እንዳትሰብራት" ማለቷን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ገና ሳንነሳ ጣቴን አስነከስኳት። ከላይ 95፣ ከታች 78 አለች። የላይኛው በደሜ ካለው ሄሞግሎቢን ከመቶ ስንቱ ኦክስጅን እንደያዘ ነው፤ የታችኛው የልብ ምት። የልብ ምትማ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው ብዬ ደብተሬ ላይ የላይኛውን ብቻ ጻፍኩ።

መራዊ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ እየቆምን እየጫንን አንድ ሰዓት ፈጀብን። ኑጉ አብቦ ማሳው ሁሉ ቢጫ ነው፣ ጤፉ ገና ሊገረጣ ይዳዳዋል፣ የቆጋ ግድብም ከክረምቱ ጠግቦ የወጣ ይመስላል። የገበያ ቀን ስለነበር መግቢያው በአህያ ተጨናንቋል። ዳጉሳ በልቼ (እንጀራው ጠቆር ያለ፣ ሽሮው በርበሬ የበዛበት) ጥላ ሥር ተቀመጥኩና አንድ ወዛደር ኩንታል ተሸክሞ አይሱዙ ላይ ሲወጣ አየሁ። ሳንቃው ላይ ሲደርስ ጭኑ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ጭን ውስጥ የሚሆነውን ሳስብ ሻዩ ቀዘቀዘብኝ። አንዲት ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ 270 ሚሊዮን ያህል ሄሞግሎቢን አለ፣ እያንዳንዱ በአራት የብረት አተሞቹ አራት የኦክስጅን ሞለኪውል ይይዛል። አንዱን ሲይዝ ቅርጹ ይለወጥና የቀሩትን መያዝ ይቀለዋል፣ ማራገፉም እንደዚሁ ነው። የት እንደሚያራግፍ ግን ማን ይነግረዋል? የሚነግረው ራሱ ጡንቻው ነው። ሲሠራ ይሞቃል፣ የተቃጠለ አየርና አሲድ ይለቃል፣ ይህም ሄሞግሎቢኑን እጁን ያላላዋል። የተቃጠለው አየር የሚያደርገውን ዴንማርካዊው ክርስቲያን ቦርና ባልደረቦቹ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1904 አሳይተዋል። ስለዚህ የወዛደሩ ጭን ከእኔ ከተቀመጥኩት ሰውዬ ጭን ይልቅ ብዙ ይራገፍለታል። መራዊ ላይ የእኔ ቁጥር 95፣ እንደ ባሕር ዳሩ።

ሁለተኛው ቀን። በዱርቤቴና በዳንግላ አድርገን እንጅባራ ገባን፣ 45 ብር። ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነ ከሰዓት በኋላም ጋቢ ያስፈልጋል። የመንገዱ ዳር በሙሉ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ነው፤ ከሥሩ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ከሰል ተደርድሯል። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ስበላ አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ኦክሲሜትሯን አይተው "ምንድን ናት፣ ዕድሜ ትናገራለች?" አሉኝ። "አይ አያ፣ ደምዎ ምን ያህል አየር እንደያዘ ነው" ብዬ ሰጠኋቸው። ጣታቸው በሥራ ጠንክሮ ስለነበር ጥቂት አስጠበቀችን፤ 95። የእኔ 92። "በለጥኩህ!" ብለው ለጎረቤታቸው በአውንጊ አንድ ነገር ተናገሩና ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳሉ እስከዛሬ አላወቅኩም፤ ደግ ነገር እንዳልነበረ ግን ገብቶኛል።

በሁለት ሰው ጣት ጥናት አይሠራም፣ አዛውንቱ ግን አንድ እውነተኛ ጥናት አስታወሱኝ። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ሰሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ ላይ፣ በ3530 ሜትር ከፍታ፣ 236 ነዋሪዎችን መርምረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 አሳትመዋል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ይህን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸውን አብዝተው ነው፤ ቲቤታውያን ደግሞ ሳያበዙ፣ የላይኛው ቁጥራቸው ዝቅ እንዳለ ይኖራሉ። የአምባራስ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው በአማካይ በመቶ ሚሊ ሊትር ደም 15.9 ግራም ለወንድ፣ 15.0 ለሴት፤ የላይኛው ቁጥራቸውም 95.3 ሆኖ ተገኘ፣ ዝቅተኛ ቦታ እንደሚኖር ሰው። እንዴት እንደቻሉበት ተመራማሪዎቹም ጨርሰው አልመለሱትም።

ማታ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ የአልጋ ቤቱ እመቤት ምድጃ ሙሉ ፍም አመጡልኝ። በሩን ልዘጋ ስል "ምን ሊሆን! ትንሽ ገርበብ ይበል እንጂ የኔ ልጅ፣ ከሰል ሰው ይወስዳል" አሉ። ልክ ናቸው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ቦታውን ቀምቶ ይቀመጣል። ይባስ ብሎ ደሙን ደማቅ ቀይ ያደርገዋል። ኦክሲሜትር ደግሞ የምትፈርደው በቀለም ነው፤ ጃፓናዊው ታኩኦ አኦያጊ በ1970ዎቹ ባመጣው ዘዴ አንድ ቀይ፣ አንድ የማይታይ ብርሃን በጣት ውስጥ ታሳልፋለች። እንደዚህች ያለች ተራ መሣሪያ ኦክስጅን የያዘውንና ከሰል የያዘውን አትለይም፤ ሰውየው እየሞተ 97 ልትል ትችላለች። ያን ሌሊት በሩ ገርበብ እንዳለ፣ በብርድ ተኛሁ።

ሦስተኛው ቀን። በቲሊሊ ወደ ቡሬ ወረድን። ቡሬ ላይ ቡና፣ ጭቃ፣ 94። ከዚያ ማንኩሳን አልፈን 28 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ፍኖተ ሰላም፤ ሙቀቱ ተመለሰ፣ ጋቢዬን ጠቀለልኩ።

የአክስቴ ልጅ ካርቶኗን ሳትስመኝ ነው የተቀበለችኝ። የወባ ወቅት ስለሆነ የጤና ጣቢያው አግዳሚ ሞልቷል። አማቷ ደግፈዋት የገባች አንዲት ወጣት እናት ነበረች፤ በር ላይ ልቀር ስል "ግባ፣ ያመጣኸው ዕቃ ሲሠራ እይ" አሉኝ አማቷ። ኦክሲሜትሯ 97 አለች፤ በሦስት ቀን ካየሁት ሁሉ ትልቁ። "ጥሩ ነው አይደል ሲስተር?" አሉ አማቷ፣ እኔም በልቤ ጥሩ ነው ብያለሁ። የአክስቴ ልጅ መልስ ሳትሰጥ የልጅቷን የታች ዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ሳብ አደረገችው። ቀይ መሆን የነበረበት ሥጋ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ላብራቶሪ ልካት ሄሞግሎቢኗ 7 ሆኖ መጣ።

በኋላ ውጭ ቆመን አስረዳችኝ። ወባው ቀይ ሕዋሶቹን እየሰበረ ጨርሷቸዋል። "መራዊ ገበያ አህያ አይተሃል አይደል? የቀሩት አህዮች ሁሉ ሙሉ ጭነት ጭነዋል፣ መሣሪያህ የነገረህ ያንን ነው። ስንት አህያ እንደቀረ አልነገረህም።" ሄሞግሎቢኗ 14 ቢሆን እያንዳንዱ መቶ ሚሊ ሊትር ደም 18 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዝ ነበር፤ አሁን 9።

"ታዲያ አንቺ በምን አወቅሽ?"

"የታችኛውን አላየህም? 126።" አህያ ሲያንስ ምልልሱ ይበዛል።

አራተኛው ቀን። ሕመምተኛዋ ደም ወደሚሰጥበት ሆስፒታል በአምቡላንስ ሌሊቱን ተልካለች። የደምበጫ መኪና እስኪሞላ ደብተሬን ገለጥኩ። 95፣ 95፣ 92፣ አያ 95፣ 94፣ 97። ከጎናቸው የታችኛው ቁጥር የለም፤ ከባሕር ዳሩ 78 እና ከልጅቷ 126 በቀር አንዱንም አላስታወስኩም። አያ የሚያህሉ ሰው ልባቸው ስንት ይመታ እንደነበር ባውቅ ደስ ባለኝ። ረዳቱ በመስኮት "የደምበጫ፣ ሒሳብ!" አለ።