ሲጫወቱ ያላየናቸው ልጆች

አኩኩሉ የሚጫወቱ ልጆችን ቆም ብሎ ያየ ሰው፣ ሳያውቀው የመስማት ምርመራ ሲካሄድ አይቷል። ጠባቂው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጣራል፤ የሚደበቁት ከጓሮ፣ ከአጥር ሥር፣ ከበርሜል ጀርባ ሆነው «አልነጋም» ይሉታል። ከመካከላቸው የማይመልስ ልጅ ይኖራል። ሌሎቹ ሲሮጡ አይቶ ይሮጣል፣ ሲቆሙ አይቶ ይቆማል፤ ጥሪው ግን አይደርሰውም። ጓደኞቹ ይህን ያውቃሉ፤ እጁን ይዘው ይደብቁታል። እኛ ትልልቆቹ የምንነቃው ልጁ አንደኛ ክፍል ገብቶ፣ መምህሩ የጠየቀውን ሳይመልስ ቀርቶ፣ «ዘገምተኛ» ተብሎ የኋላ ወንበር ከተሰጠው በኋላ ነው። እሱም ከነቃን ነው።

የሚያንገበግበኝ መሣሪያ ጎድሎን አለመሆኑ ነው። ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ልጅ በአንድ እግሯ እየዘለለች ሚዛኗን፣ ተራ መጠበቋን፣ ደንብ ማስታወሷን ታሳያለች። ቅልብልቦሽ አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ፣ የቀሩትን ከመሬት አፍሶ፣ የተወረወረችውን ሳትወድቅ መቅለብ ነው፤ የልጅ ዓይንና እጅ ምን ያህል እንደተግባቡ ከዚህ አብልጦ የሚናገር የፈተና ወረቀት አላውቅም። ዕቃ ዕቃ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። የጣሳ ክዳን ምጣድ ሲሆን፣ አፈር ሊጥ ሲሆን፣ አንዷ እናት ሌላዋ ጎረቤት ሆነው ቡና ሲጠራሩ፣ ልጅ የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማሰቡ፣ በሌላ ሰው ቦታ ሆኖ መናገሩ፣ የቃላቱ ብዛት፣ የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ሁሉ ፊታችን ይዘረገፋል። ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ በሰጠው ትምህርት፣ ልጅ ሲጫወት ከዘወትር ማንነቱ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አስረድቷል። አስፈርተን ወንበር ላይ ስናስቀምጠው የምናገኘው ከሚችለው በታች ያለውን ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ሥራዬ ብሎ ያዘው። አሜሪካዊቷ ምሁር ቶኒ ሊንደር እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት የምዘና ዘዴ መላው በጨዋታ ላይ የቆመ ነው፦ አንድ ባለሙያ ከልጁ ጋር መሬት ተቀምጦ ይጫወታል፤ የንግግር፣ የእንቅስቃሴ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አብረው ይመለከታሉ፤ ወላጅም ስለ ልጁ የሚያውቀውን ይናገራል። ልጁ እየተመዘነ መሆኑን እንኳ አያውቅም። ሩቅ አገር ነው እንዳንል፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዴንቨር ሁለት የተባለውን የልጆች ዕድገት መመዘኛ፣ ለጅማ ልጅ እንግዳ የሆነውን እየለወጡ፣ በአካባቢው ልጆች ላይ ሞክረው አስማምተውታል። መመዘኛው ራሱ ብዙው ጨዋታ ነው፤ ኩብ መደርደር፣ ኳስ መወርወር፣ በአንድ እግር መቆም፣ አሻንጉሊት ማጉረስ። በገዛ አገራችን፣ በገዛ ምሁራናችን ተሠርቶ ተቀምጧል።

አጋጣሚው ደግሞ መጥቶልን ነበር። በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የአንድ ዓመት ትምህርት፣ የኦ ክፍል፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ፤ ከዚያ በፊት መዋዕለ ሕፃናት የከተማ ልጅ፣ ያውም ከፋይ ወላጅ ያለው ልጅ ዕድል ነበር። አሁን በሚሊዮን የሚቆጠሩ የገጠር ልጆች በስድስት ዓመታቸው አንድ ጣሪያ ሥር ተሰበሰቡ፤ ከቤተሰብ ውጭ የሆነ፣ ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ትልቅ ሰው በየቀኑ ያያቸው ጀመር። ምን አደረግንበት? ለዚያ ሰው ጠመኔ ሰጠነው። ብዙዎቹ ለትንንሽ ልጆች ያልሠለጠኑ መምህራን፣ በታጨቀ ክፍል፣ አሻንጉሊት በሌለበት፣ ሀ ሁን በጩኸት አስደገሙ። በከተማው የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ባሰ፤ የአራት ዓመት ልጅ ለምዝገባ ቀርቦ ፊደል እንዲጽፍ፣ ቁጥር እንዲቆጥር ይፈተናል፤ እናቱ በር ላይ ቆማ ትጸልያለች። ካላለፈ ይመለሳል። ለምን እንዳላለፈ የሚጠይቅ የለም።

የጊዜው ጥበት ነው ነገሩን የሚያከፋው። አንድ ዓይኑ የደከመበት ልጅ ሕክምናው በደንብ የሚሠራለት እስከ ሰባት ዓመቱ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ አእምሮው የደካማውን ዓይን መልእክት መተው ስለሚለምድ መመለሱ ይከብዳል። መስማትና ቋንቋማ ከዚያም ይቀድማሉ፤ የማይሰማ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመስሚያ መሣሪያም ሆነ በምልክት ቋንቋ ካልተደረሰለት፣ ኋላ ላይ የሚካካሰው ጥቂት ነው። በእኛ አገር አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመት ነው። የኦ ክፍል ማለት እንግዲህ ለብዙው ልጅ የመጨረሻዋ ዓመት ነበረች። እሷን ነው በፊደል ጩኸት ያሳለፍናት።

ከዚያ በፊትም ዕድል ነበር። ልጅ በ15 ወሩ ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ይመጣል። በዓመት ተኩል ገደማ ልጅ የወደደውን በጣቱ እየጠቆመ ያሳያል፣ ባዶ ኩባያ አንስቶ የሚጠጣ ያስመስላል። ይህ ሳይታይ ሲቀር ኦቲዝም ሊሆን ይችላልና መመርመር አለበት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ልጆቻቸውን በቤት ደብቀው ያኖሩ ወላጆች ብዙ ነበሩ፤ እርግማን ነው የተባሉ። እኚያ እናት እስኪያርፉ ድረስ ስለ እነዚህ ልጆች ጮኹ። እኛ ግን ዛሬም ለክትባት የመጣውን ልጅ መርፌውን ወግተን እንሸኘዋለን እንጂ አንድ ኩባያ ሰጥተን ምን እንደሚያደርግበት አናይም።

አዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት ለቀዳማይ ልጅነት ትኩረት ሰጥታ የመጫወቻ ስፍራ ማዘጋጀቷ፣ መንገድ እየዘጋች ልጆች ማስጫወቷ ደግ ነው፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ማስጫወት አንድ ነገር ነው፣ ሲጫወቱ ማየት ሌላ። የሚያይ፣ ያየውን የሚመዘግብ፣ መዝግቦም ወደ ሐኪም የሚልክ ሰው ካልተመደበ ልጁ እንደ ድሮው ከዳር ይቀራል።

በ2003 ዓ.ም. የኦ ክፍል የነበሩት ዛሬ ሀያ ዓመት አልፏቸዋል። ትምህርታቸውን አቋርጠው ቤት የቀሩ፣ «ሰነፍ ነበርኩ» ብለው የሚያምኑ በመካከላቸው አሉ። ሰነፎች አልነበሩም። ማንም አላያቸውም ነበር። ለእነሱ የሚደረግ የለም፤ አመለጡን።

የኦ ክፍል መምህራን፣ እናንተን እለምናለሁ። ሚኒስቴር እስኪያዛችሁ አትጠብቁ። በቀን ግማሽ ሰዓት ጠመኔውን አስቀምጡና ልጆቹን ሜዳ አውጥታችሁ አስጫውቱ፤ እናንተ ግን አትቀመጡ፣ እዩ። ማን ኳሷን ሁልጊዜ እንደሚስት፣ ማን ብቻውን እንደሚዞር፣ ማን የጓደኞቹን አፍ አፍ እንደሚያይ ስሙን ጻፉ። ወላጁን ጥሩ፤ ሳትወቅሱ ያያችሁትን ንገሩት፤ ጤና ጣቢያ እንዲወስደው ወትውቱት። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የቀረችው አንድ ዓመት ናት።