ጉድለት የማይባል ጉድለት

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን የመኪና ፋብሪካ ባለቤት ሆኗል፤ በኮምፒውተር ጌም መሆኑ ነው። ሞተር ይመርጣል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ዋጋ ይቆርጣል። የሙከራውን ጊዜ ካሳጠረ ወይም ርካሽ ዕቃ ከገዛ፣ ጌሙ ያሰላና ከሸጣቸው መኪኖች ስንቱ እንደሚበላሽ ዕጣ ያወጣል።

«ጋሼ፣ የፍሬን ጉድለት ተገኘ ይለኛል። መኪኖቹን መልሼ ልጥራቸው ወይስ ዝም ልበል?» አለኝ።

«ሰው ይጎዳል እንዴ?»

«ኧረ ስም ነው የሚጎዳው! ገበያ ይቀንሳል።»

ሰው አለመቆጠሩ አልደነቀኝም፤ ጨዋታ ነው። የደነቀኝ ጌሙ ለልጁ እቅጩን መንገሩ ነው። «ጉድለት» አለው፣ ከነመቶኛው፣ ሳያሽሞነሙን። የእውነተኛ ኩባንያ አለቃ እንዲህ ያለ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ መቼ ያገኛል?

የአሜሪካውን የጄኔራል ሞተርስን ነገር እንይ። ሸቭሮሌት ኮባልትንና ሳተርን አዮንን በመሳሰሉ ትንንሽ መኪኖቹ ላይ ቁልፍ ገብቶ የሚዞርበት የሞተር ማስነሻ ልል ነበር። ጉልበት ከነካው ወይም የቁልፍ ማንጠልጠያው ከከበደ ከቦታው ይንሸራተታል። ያኔ መኪናው እየሮጠ ሞተሩ ይጠፋል፤ መሪውና ፍሬኑ ይከብዳሉ፤ ግጭት ሲመጣ ነፍስ ሊያድን የተቀመጠው ኤርባግም አይነፋም። እ.ኤ.አ. በ2006 ዕቃው በተሻለ ተለወጠ። የዕቃው ቁጥር ግን አልተለወጠም! አሮጌውና አዲሱ በወረቀት ላይ አንድ ሆነው ቀሩ፤ የኋለኞቹ መኪኖች ለምን እንደተሻሉ መርማሪዎች ግራ ገባቸው። ልዩነቱን ያወጣው የአንዲት ሟች ቤተሰብ ጠበቃ የቀጠረው መሐንዲስ ነው፤ ሁለቱን ፈታትቶ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። መኪኖቹ መጠራት የጀመሩት በ2014 ሲሆን፣ በኋላ ላይ ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሟቾችን ተቀብሏል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ቃላት ምርጫ ብዙ ለፍልፌአለሁ፤ የሚከተለውን የመሰለ ምሳሌ ግን አልነበረኝም። ኩባንያው በ2008 ለሠራተኞቹ በሰጠው ሥልጠና ላይ በጽሑፍ የማይገቡ ቃላት ተዘርዝረው ነበር። «ጉድለት» አይባልም፤ «በንድፉ መሠረት አይሠራም» ነው የሚባለው። «ችግር» አይባልም፤ «ጉዳይ»፣ «ሁኔታ» ይባላል። «የሞት ወጥመድ» እና «ታይታኒክ» የሚሉትም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ሞተሩ በመንገድ ላይ መጥፋቱ ራሱ ለዓመታት የተመዘገበው «የደንበኛ ምቾት» ጉዳይ ተብሎ ነው። (እኛም ብንሆን «ጉድለት»ን ከስብሰባ አስወጥተን «ክፍተት»ን ካስገባን ቆይተናል።) ኩባንያው ያስጠናው ሪፖርት የቢሮውን ሰላምታ ሳይቀር መዝግቦታል፤ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ጣትን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ባልደረባ መቀሰር። «የእነ እገሌ ሥራ ነው» ማለት ነው።

እንግዲህ የምርት ጉድለትን በጌም አስመስለው ለመሥራት የሚደክሙ ባለሙያዎች ቢሰሙኝ፣ መቶኛውን ደብቁት እላቸዋለሁ። ወሬው በስድስት ጠረጴዛ ይለፍ፤ በየጠረጴዛው አንድ ቃል ይጉደልበት፤ ተጫዋቹ ጋ ሲደርስ «ጥቂት ደንበኞች ስለ ቁልፉ አስተያየት ሰጥተዋል» የሚል ብቻ ይሁን። እስቲ ያን ጊዜ ይወስን።

ሒሳቡንም በካሳ ብቻ አይዝጉት። በቴክሳስ አንዲት ወጣት በ2004 ሳተርን አዮን ስትነዳ ከመንገድ ወጥታ የወንድ ጓደኛዋ ሞተባት። በ2007 በቸልተኝነት ሰው ገድያለሁ ብላ በፍርድ ቤት ጥፋቷን አመነች። ፍርዱ የተነሳላት በ2014 ነው፣ አሥር ዓመት ገዳዩ እኔ ነኝ ብላ ከኖረች በኋላ።