ሰላዩና ስደተኛው በገዳሪፍ መንገድ

በሱዳን ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኸሽም ኤል ቂርባ የምትታወቀው የአትባራን ወንዝ በሚገታውና እ.ኤ.አ. በ1964 በተጠናቀቀው ግድቧ ስለሆነ፣ የምስጢር ታሪክ መቼት፣ ማለትም ድርጊቱ የሚፈጸምበት ቦታና ጊዜ፣ ሆና እምብዛም አትታሰብም።

ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞሳድ የተባለው የእስራኤል የስለላ ድርጅት ቤተ እስራኤላውያንን፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁዶችን፣ ከገዳሪፍ አካባቢ የስደተኞች መጠለያዎች በሌሊት እያወጣ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ያጓጉዝ የነበረው በዚሁ አቅጣጫ ሲሆን፣ ለሽፋን የከፈተው የአሩስ የባሕር ጠላቂዎች መዝናኛ እውነተኛ ጎብኚዎችን ጭምር ያስተናግድ ነበር።

ልቦለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው፣ ተጋነነ በተባለ!

የወንጀልና የስለላ መጻሕፍት አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝነው ሴራውን፣ የድርጊቶቹን የምክንያትና ውጤት ትስስር፣ ነው፤ በዚህ ታሪክ ግን ከወኪሎቹ ብልሃት ይልቅ፣ አስቀድሞ ሱዳን ገብቶ በላከው መልእክት መንገዱን የከፈተው ቤተ እስራኤላዊው ፈረደ አክሉም፣ እንዲሁም ማንነታቸውን ሰውረው በመጠለያ ለወራት የጠበቁትና ብዙ ወገኖቻቸውን በጉዞና በበሽታ ያጡት ስደተኞች ሰፊ ገጽ ሊሰጣቸው ይገባ ነበር።

ለመሆኑ አንባቢያን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲይዙ በዓይናቸው የሚከተሉት ሰላዩን ነው ወይስ ስደተኛውን?