«እኔ እንዲህ ነው የምናገረው?»

ያን ማታ ቤታችን ውስጥ አሥራ ሰባት ሰው ነበር። ሶፋው ሞልቶ ጎረቤቶች ከየቤታቸው በርጩማ ይዘው መጥተዋል። እናቴ ቡና አፍልታ፣ ፈንዲሻውን በትልቁ ሰፌድ ዘርግታ፣ ቴሌቪዥኑን ከአንድ ሰዓት ቀደም ብላ ከፍታለች። ልጇ በድራማ ልትታይ ነው። በወልቂጤ፣ በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የመጀመሪያው ነበር።

የእኔ ክፍል ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ከአገር ቤት ገና የመጣሁ የሀብታም ቤት ሠራተኛ ነኝ። አማርኛው አይቃናልኝም። ገበያ ተልኬ ስመለስ መልሱን ሳንቲም በሳንቲም እየቆጠርኩ እመቤቲቱን አሰለቻለሁ። ገና አፌን ስከፍት ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጎረቤታችን እትዬ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። እናቴም ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሲኒ እያጠበች፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር ጠየቀችኝ።

«እኔ እንዲህ ነው የምናገረው?»

መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም እውነቱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። የዚያችን ሠራተኛ አነጋገር የቀዳሁት ከእናቴ ነበር። እናቴ በወልቂጤ ገበያ ቅቤና ቆጮ ስትነግድ ያሳደገችኝ ሴት ናት። አማርኛዋ ከቤታችን ጉራጌኛ ጋር የተዋደደ ነው። ያን አነጋገር ወስጄ፣ ድምፁን ከፍ፣ ቃሉን ጎተት አድርጌ ለሳቅ ሸጥኩት። ዋጋውም ለሁለት ቀን ቀረጻ 1,500 ብር ነበር።

አሁን 21 ዓመቴ ነው። ተዋናይት የመሆን ፍላጎት ያደረብኝ ትምህርት ቤት፣ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና አነብ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ባዘጋጀነው አጭር ድራማ የሙሽራዋን አያት ሆኜ ሠራሁ። የእናቴን ነጠላ ተከናንቤ፣ ጎንበስ ብዬ ስገባ ተማሪው ሁሉ ዝም አለ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጭብጨባ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ያን ዓይነት ዝምታ ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት መስጠት ከጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕልሜ እዚያ መግባት ነበር። ሆኖም የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠበት፣ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ የሆኑበት ዓመት ነው። ከእነዚያ ጥቂቶች ውስጥ አልነበርኩም። ውጤቱን ባየሁ በሳምንቱ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ጀመርኩ።

ቀኔ እንዲህ ያልፋል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስቼ የእናቴን ዕቃ ገበያ አደርሳለሁ። ከ2 ሰዓት ጀምሮ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ አትማለሁ፣ እጠርዛለሁ። ማሽኑ ወረቀት እስኪተፋ ድረስ በቃሌ የያዝኩትን ንግግር በሹክሹክታ እለማመዳለሁ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ስልክ የማወራ ይመስላቸው ነበር፤ አሁን ለምደውኛል። ማታ ማታ አምስት ሆነን አንድ አዳራሽ ውስጥ ልምምድ እናደርጋለን። መብራት የጠፋ እንደሆነ በስልክ ብርሃን እንቀጥላለን። ቤት ስመለስ ደግሞ ጓሮ፣ እንሰቱ መሐል ገብቼ ድምፄን እሞክራለሁ። እንሰት ጥሩ ተመልካች ነው፤ አያቋርጥም፣ አይስቅም።

ኦዲሽን የሚባለውን ነገር ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ማስታወቂያው በቴሌግራም ይመጣል። አንድ ቀን ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ የቀን ደመወዜ ይቆረጣል። ጎህ ሳይቀድ ተሳፍሬ ወሊሶን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ሰበታን አልፌ ወደ 155 ኪሎ ሜትር እጓዛለሁ። ስደርስ ደረጃው ላይ በሰልፍ የቆሙ ልጃገረዶች አያለሁ። ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ደረቴ ላይ ይለጠፋል። አራት አምስት ሰዓት ጠብቄ ስገባ ያለችኝ ጊዜ አንድ ደቂቃ ናት። ስም፣ ዕድሜ፣ «ከየት መጣሽ?»

«ከወልቂጤ።»

በዚህ ጊዜ አንዱ ፈገግ ይላል። «እስኪ በጉራጌኛ ቅላጼ በይልን!» በሌላው ቀን ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመኛል፦ «ትወናሽ ጥሩ ነው፤ ግን አነጋገርሽን አስተካክዪ፣ ይታወቃል።» አንድ ዓመት ሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ተመላለስኩ። ወይ አነጋገሬን ደብቄ ሌላ ሰው መምሰል አለብኝ፤ ወይ አጋንኜ መሳቂያ ማድረግ አለብኝ። እንደ እናቴ የምትናገር፣ ግን የምታፈቅር፣ የምትቆጣ፣ የምታዝን ሴት ሆኜ እንድቆም የጠየቀኝ አልነበረም።

ሴት ልጅ ላላቸው ወላጆች አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንድ ጊዜ «ፎቶሽን አይቻለሁ፤ ማታ ራት እየበላን ስለ ገጸ ባሕርይዋ እናውራ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። «ከአክስቴ ጋር እመጣለሁ» ብዬ ስመልስለት ሰውዬው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣሁ። የት እንደምሄድ ቤተሰቤ ያውቃል፤ የሥራ ወሬ የሚወራው በቀን፣ በሥራ ቦታ ነው። በዚህ ምክንያት የቀረብኝ ሥራ ካለ ይቅርብኝ።

ሴት መድረክ ላይ መቆሟ በራሱ ትግል የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። አገር ፍቅር ቴአትር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም.፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ ሥራ የጀመረው በ1948 ዓ.ም. ነው። በዚያ በቀደመው ዘመን ሴት ተዋናይት ስለማይገኝ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ልጆች ሁሉ በቴሌቪዥን ተረታቸው የምናውቃቸው አባባ ተስፋዬ ሳህሉም በወጣትነታቸው ሴት ሆነው ተውነዋል። ክራር ደርዳሪዋ አስናቀች ወርቁ ወደ መድረክ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናቸው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስድብ በነበረበት ጊዜ እርሳቸው በመድረክ ቆሙ። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። ያኔ ስለ ሴት ወንድ ይናገርላት ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ እናቴ ዓይነት ሴት የሚናገረው የሚስቅባት ሰው ነው። ለዚያውም እኔ ራሴ ነበርኩ።

ከእናቴ ጥያቄ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ወደ ኦዲሽን አልሄድኩም። ልምምድም ቀረሁ። ከቡድናችን አንዱ ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ መጥቶ «የቃቄ ወርድወትን እንሥራ፣ አንቺ ወርድወትን ትሆኛለሽ» አለኝ።

በጉራጌ ምድር ያደገ ሰው ስሟን ሳይሰማ አይቀርም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምሁር የኖረች ሴት ናት። በጊዜው አንቂት በሚባለው ልማድ፣ ባሏ ካልፈቀደና ካልለቀቃት በቀር ሴት ከትዳር ወጥታ ሌላ ማግባት አትችልም። ወንዱ ግን በላይዋ ላይ ሌላ ሚስት ያመጣል። ወርድወት ሴቶችን አስተባብራ የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች በሚሸነግሉበት በየጆካ ፊት ቆመች፤ ለወንድ የተፈቀደው ለሴት ለምን እንደተከለከለ ጠየቀች። የክርክሩን ፍጻሜ እናቴ በአንድ መንገድ፣ ቡታጅራ ያለችው አክስቴ በሌላ መንገድ ያወሩታል። መቆሟንና መጠየቋን ግን ሁሉም ይስማሙበታል። ታሪኳ ቴአትር ሆኖ በብሔራዊ ቴአትር መድረክም ታይቷል። እኛ ያሰብነው ሃያ ደቂቃ የምትሆን፣ ሽማግሌዎቹ ፊት የቆመችበትን ቀን ብቻ የምታሳይ አጭር ሥራ ነበር።

ጓሮ ገብቼ መለማመድ ጀመርኩ። ንግግሩን በጠራ የመጽሐፍ አማርኛ ጽፈነዋል። እጄን ዘርግቼ፣ ደረቴን ነፍቼ እጮሃለሁ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆጮ እያሰናዳች ትሰማኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን አላስቻላትም።

«ሴትዮዋ ዜና አንባቢ ነበረች እንዴ?»

ከዚያ ቤት ከገባች ከዚያች ማታ ጀምሮ በመካከላችን የነበረው ዝምታ የተሰበረው በዚህ ነው። ሁለታችንም ሳቅን። ይህ ሳቅ ግን እንደዚያኛው አልነበረም። እጇን ታጥባ መጣችና ነጠላዋን አስተካክላ ፊቴ ቆመች።

«ሽማግሌ ፊት የምትቆም ሴት አትጮህም» አለችኝ። «የሚጮኸው ቃል ያለቀበት ነው። እሷ ቃል አላት። ቀስ ብላ ትናገራለች፤ እነሱ ለመስማት ጎንበስ ይላሉ።»

ከዚያ በቤታችን ቋንቋ ተናገረችው። የጻፍነውን ሦስት መስመር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰችው። እጇ አልተወራጨም። ድምፅዋም ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። ግን ጓሮው ውስጥ ያ ዘጠነኛ ክፍል የሰማሁት ዝምታ መጣ። እናቴ ቴአትር አይታ አታውቅም። ነገር ግን በገበያ ስትከራከር፣ በለቅሶ ቤት ስታጽናና፣ በእርቅ ስትሸመግል ዕድሜዋን ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ተናግራለች። አንድ ዓመት ሙሉ ስልጠና የለኝም እያልኩ ሳማርር አስተማሪዬ እቤት ነበረች።

ሥራውን እንደገና ጻፍነው። ተራኪው በአማርኛ፣ ወርድወትና ሽማግሌዎቹ በጉራጌኛ ሆኑ። መጀመሪያ እዚሁ ወልቂጤ አሳየነው። ቀጥሎ ቡታጅራ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ እንድናሳይ ተጠራን። ፈራሁ። ቡታጅራ የመስቃን አገር ነው፤ አነጋገሩ ከእኛ ይለያል። ጉራጌኛ አንድ ቋንቋ የሚመስለው ለሩቅ ሰው ነው። ተራራውን አቋርጠን እዚያ ስንደርስ «ቋንቋው ባይገባቸውስ?» የሚል ጭንቀት ይዞኛል።

ምናልባት እያንዳንዱ ቃል አልገባቸው ይሆናል። ነገር ግን ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስጀምር ከኋላ የተቀመጡት ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ማንም አልሳቀም። ሲያልቅ አንዲት ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ሰውን እየከፈሉ መጥተው ሁለት እጄን ያዙ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

በአገራችን ይህ ጥያቄ የሚጠየቀው የሰውን ዘርና መንደር ለማወቅ ነው። እኔ ግን ዞሬ ከአክስቴ ጎን የተቀመጠችውን እናቴን አሳየኋቸው። «የእሷ ልጅ ነኝ» አልኳቸው። እናቴ ቀና ብላ ተቀመጠች። ለዚያች ማታ ጥያቄ ልሰጣት የሚገባኝ መልስ ያ ነበር።

ከቡታጅራ በተመለስን በወሩ እናቴ እቁብ ደረሳት፤ 80,000 ብር። ሐሳቡ ከመጀመሪያውም ለእኔ ሱቅ መክፈቻ ነበር። አባቴ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ነው። በእርሱ ዘንድ ሥራ ማለት ማታ ላይ የሚቆጠር ነገር ነው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ለስድስት ወር የሚሰጥ የትወና ስልጠና አግኝቻለሁ። ሦስታችን እራት ላይ ተቀምጠን ተነጋገርን። አባቴ አልተቆጣም፤ ዝም ብሎ ሰማኝና «ትርፉ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አላውቅም አልኩት። «ቢያንስ አልዋሸሽም» አለ።

ስምምነታችን ይህ ሆነ። በግማሹ ገንዘብ ያገለገለ ፎቶ ኮፒ ማሽን ገዝቼ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ቀሪው ለስልጠናው ሆነ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሱቄን እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ እማራለሁ። አባቴ አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨመረ። የትወናዬን ገቢና ወጪ እንደ ማንኛውም ንግድ በደብተር እንድይዝ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሥራዬን እንደ ሥራ የቆጠረልኝ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

ባለፈው ወር እንደገና ኦዲሽን ሄድኩ። ያው ሰልፍ፣ ያው ቁጥር፣ ያው ጥያቄ። «ከወልቂጤ? እስኪ በጉራጌኛ ቅላጼ!» አሉኝ።

«እሺ፤ ግን ቀልድ አይደለም» አልኳቸው። በእናቴ አነጋገር፣ ልጇ ከቤት ስትወጣ የምትመክራትን እናት አሳየኋቸው። ካሜራውን የያዘው ልጅ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አንስቶ በቀጥታ አየኝ። አዘጋጁ አመሰገነኝና «እንደውላለን» አለኝ። እስከ ዛሬ አልደወሉም። ቢደውሉም ባይደውሉም ያችን አንድ ደቂቃ አልጸጸትባትም።

ትናንት ማታ አባቴ ደብተሬን አምጪ አለኝ። መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ገቢ፦ ከድራማ 1,500፣ ከቡታጅራ ድርሻዬ 900። ወጪ፦ ትራንስፖርት፣ ፎቶ፣ ምግብ፣ የስልክ ካርድ፤ ድምሩ 11,340 ብር፣ ስልጠናው ሳይጨመር። እኔ ወለሉን እያየሁ ጠበቅኩ። ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ።

«እኔ ሱቅ የከፈትኩ ዓመት ከዚህ ይብስ ነበር» አለኝ።