የነሐሴ ምሳ በይርጋለም

ወደ ሲዳማ እንግዳ የሚበዛው ክረምቱ ወጥቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ የቡናው ፍሬ መቅላት ሲጀምር ነው። እኛ ግን መምህራን ነንና ዕረፍታችን ክረምት ነው። በመሆኑም ነሐሴ ሳይጋመስ ከሐዋሳ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ይርጋለም ቤተሰባችንን ይዘን ወረድን። አፖስቶ ላይ ከዲላው አስፋልት ስንገነጠል ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ነበር።

ምሳ የበላነው ከከተማው ወጣ ባለ አንድ ሆቴል ነው። አትክልቱን፣ ፍራፍሬውን፣ ቆጮውንና ቡናውን ከራሱ ጓሮ እንደሚያቀርብ የሚናገር ሆቴል ነው። በሰፊው አዳራሽ ሰው የተቀመጠበት ጠረጴዛ የእኛ ብቻ ነበር።

ውድ አንባቢያን እንደምታውቁት፣ እንዲህ ባለ ቤት ለሙስሊም ቤተሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ ሥጋውን ማን አረደው የሚለው ነው። አስተናጋጁ ወጣት ሳንጠይቀው ገባው። «የሙስሊም ሥጋ የለንም። ፍልሰታ ስለሆነ ግን የጾም ምግብ አለ፤ ድስቱም ለብቻ ነው» አለን። የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ጾም ለእኛም ማዕድ አቀና ማለት ነው። ከሐዋሳ ሐይቅ የመጣ ቆሮሶም ነበር። ዓሣ መታረድ አያሻውም፤ ሆኖም ስለ ዘይቱና ስለ መጥበሻው ጠየቅን። ወጣቱ ቅር ሳይለው በሌላ መጥበሻ፣ በአዲስ ዘይት አስጠበሰልን። ልጆቻችን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመጠየቅ ሲያፍሩ እናያለን። በትሕትና ከተጠየቀ ማን ይቀየማል?

ጎመኑ ያኔውኑ የተቀጠፈ ነበር፤ በጣዕሙ ያስታውቃል። እናታችን ግን ዓይናቸው ቆጮው ላይ ነበር። የስልጤ ሴት ናቸው፤ እንሰት ፍቀው ልጅ ያሳደጉ። ቆርሰው አሸተቱና «ይህ ገና ነው፤ ከጉድጓድ ቶሎ ወጥቷል» አሉ። ወጥ ሠሪዋ ሰምታ ብቅ አለች። «እውነትዎን ነው እማማ፤ የበሰለው አልቆብን ነው» አለቻቸው። እናታችን ምሳቸውን ትተው ተከትለዋት ጓሮ ገቡ፤ እኛም ጃንጥላ ይዘን ከኋላ።

እንሰት ተተክሎ እስኪፋቅ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይጠበቃል። ግንዱና ሥሩ ተፍቆ፣ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፤ ሲጨመቅ የሚጠለው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። የጓሮው አንድ ጥግ ግን ባዶ መሬት ነበር። አጠውልግ የተባለው በሽታ ገብቶ አትክልተኛው ብዙ እግር ነቅሎ ቀብሯል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ተክሉን አንዴ ከያዘው የሚያድን መድኃኒት የለውም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛመተውም በቆረጡበት ቢላዋ ጭምር ስለሆነ፣ ሰውየው ከእያንዳንዱ እግር በኋላ ቢላዋውን በእሳት ያስነካል። የስድስት ዓመት ጥበቃ በአንድ ስለት ሲጠፋ ማየት ከባድ ነው።

«እንግዳ ቢቀርም አረሙ አይቀርም» አለን አትክልተኛው። ከሆቴሉ ሠራተኞች ብዙዎቹ እስከ መስከረም ያለ ደመወዝ ወደየቤታቸው ተሸኝተዋል። እሱን ያስቀረው ጓሮው ነው። ጎመኑ ለቀሩት ሠራተኞችና ለላሞቹ ይሆናል፤ አቮካዶው ግን ገበያ አለው። በ2013 ዓ.ም. ይርጋለም ላይ የተመረቀው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ የአቮካዶ ዘይት ስለሚወጣበት፣ ዱሮ ከዛፉ ሥር ይበሰብስ የነበረው ፍሬ ዛሬ ገዢ አግኝቷል።

«ሁሉም ከጓሯችን» የሚለው አባባል ግን ሙሉ አይደለም። እንጀራው ጤፍ ነው፤ ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሩዙ፣ ስኳሩም ከገበያ ነው። ዋጋውም ሐዋሳ ላይ ከምንከፍለው እጥፍ ሆነብን። የመምህር ደመወዝ ይህን በየወሩ አይችልም። ቢሆንም ለዚያ ጎመንና ለዚያ ጓሮ የከፈልነው አልቆጨንም፤ ለሩዙ የከፈልነው ግን ቆጭቶናል። ትንሿ ልጃችን ጠረኑን ጠልታ ቆጮውን እስከ መጨረሻው አልቀመሰችም።

ልንነሳ ስንል ወጥ ሠሪዋ ለእናታችን ሦስት የእንሰት ችግኝ በቅጠል ጠቅልላ አመጣችላቸው። ሴት ለሴት የምትሰጠው ትልቅ ስጦታ ነው። እናታችን እጇን ይዘው መረቋት፤ ችግኙን ግን አልተቀበሉም። «በሽታው አብሮኝ እንዳይሄድ እፈራለሁ፤ ለስልጤ ጓሮም ለእናንተም አላህ ይድረስላቸው» አሉ። እሷም አልተከፋችም። ችግኙን ወስዳ፣ በምትኩ አንድ ኪሎ ቡና ይዛ ተመለሰች።